በግንድ ተሳፍረን እስከ ድልድዩ

ማክሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ቢቸና

ላንድሮቨሩ የጠዋት ብርድ ስለማይወድ በግፊ ነው የተነሳው። ከገፊዎቹ አንዷ እኔ ነኝ። ሹፌራችን ጋሽ ዓለሙ መሪውን እንደያዙ «ግፊ እንጂ ልጄ፤ የደን ባለሙያ አይደለሽም ወይ?» ይላሉ። ደንና መኪና መግፋት ምን እንደሚያገናኛቸው ግን አልነገሩኝም። ሞተሩ ሲጮህ ሮጬ ገባሁ። ከድሬዳዋ ተመድቤ ከመጣሁ ወዲህ ብቻዬን ለሥራ ስላክ የመጀመሪያዬ ስለሆነ በጣም ደስ ብሎኛል።

የምሄደው ግንድ በወንዝ ስለማንሳፈፍ ያረቀቅሁትን ደንብ ይዤ ነው። ከሞጣ ወዲህ፣ አንድ ወንዝ ዳር፣ የጤና ኬላ እየተሠራ ነው። ግድግዳው ቆሟል፤ ጣሪያ የለውም። እንጨቱ ያለው ከወንዙ ላይኛው ቀበሌ ሲሆን፣ ወደዚያ መኪና አይገባም። ስለዚህ የላይኞቹ በክረምት ግንዱን ዝም ብለው ወንዙ ላይ ለቀቁት። ግንዱም ከጎርፉ ጋር እየተንደረደረ ወርዶ የታችኞቹን የእግር ድልድይ ይዞት ሄደ። የታችኞቹ ድልድዩን መልሰው ሠርተዋል፤ ነገር ግን ከእንግዲህ ጭራሮ እንኳ በዚህ ወንዝ አይወርድም ብለዋል። እነሱ እስኪስማሙ ምጥ የያዛት ሴት ሁሉ በቃሬዛ እስከ ሞጣ ትጓዛለች።

ረፋድ፣ ግንደ ወይን

ደብረ ወርቅን አልፈናል። ግራና ቀኝ ኑግ አብቦ ሜዳው ቢጫ ነው፤ መንገዱ ጭቃ፣ ጭቃው ጥቁር። ሁለት ጊዜ ተቀርቅረን ሁለት ጊዜ ወጣን፤ በሁለተኛው ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ጠቆረ። ቁርስ እንቁላል ፍርፍር በትኩስ ዳቦ። የምግብ ቤቷ ባለቤት ሥራዬን ጠየቀችኝና ነገርኳት።

«ወንዝም ደንብ ወጣለት?» አለች።

«ለወንዙ ሳይሆን ለግንዱ ነው» አልኳት።

«ግንዱስ ይሰማሻል?»

ጋሽ ዓለሙ ሻያቸው ትን አላቸው። እስከ ወንዙ ድረስ ያንን እያስታወሱ ሳቁብኝ።

ከሰዓት፣ ወንዙ ዳር

ሁለቱም ወገን ድልድዩ አጠገብ ካለው ሾላ ሥር ተቀምጦ ጠበቀን። የላይኞቹ መሪ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ይርሳው ነው፤ ረጅም፣ ችኩል ሰው። ለታችኞቹ የሚናገሩት የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ጥበቡ ናቸው። ይርሳው በልጅነቱ የእሳቸው ተማሪ ስለነበር ሲቆጣም «የኔታ» እያለ ነው የሚቆጣው።

ደንቡን አነበብኩ። ግንድ ተፈትቶ አይለቀቅም፣ እንደ አልጋ ተጠፍሮ ይታሰራል፤ ሁለት ሰው በረጅም ዘንግ ይመራዋል፤ ከድልድዩ በላይ ካለው መታጠፊያ ላይ በገመድ ተስቦ ዳር ይወጣና በትከሻ ድልድዩን ያልፋል።

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። «ወረቀቱ ላይ ወንዙ በጣም ጨዋ ነው» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አላስቻለኝም።

«የኔታ፣ ታዲያ ምን ይሁን?» አለ ይርሳው።

«ነገ ጠፍራችሁ አምጡት። እኔ ራሴ እሳፈርበታለሁ። በደህና ከቆመ እፈርማለሁ፤ ድልድዩን ከነካ ግን ነገሩ ለዘለዓለም ተዘጋ።»

«እርስዎማ አይሆንም፤ ዕድሜዎ…»

«ዋና ያስተማረህ ማን ሆነና ነው?»

ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ሆኜ ዳር መቆም አሳፈረኝ። «እኔም እሳፈራለሁ» አልኩ። ጋሽ ዓለሙ ወደ ሰማይ ቀና አሉ።

ረቡዕ፣ ጠዋት

ደርቆ የከረመው ባሕር ዛፍ በጠፍር ተጠፍሯል። መሪጌታ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሸንፍጠው መሃል ተቀመጡ፤ እኔ ከጎናቸው። ይርሳው ከፊት፣ አንድ ጎረምሳ ከኋላ ዘንግ ይዘዋል። ለቀቁን።

እንዲህ ያለም ነገር አለ እንዴ! ውሃው በግንዱ መሃል እየገባ እግራችንን ያጥባል፤ ዛፉ፣ ከብቱ፣ ዳር ዳሩን የሚሮጠው ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ይሸሻል። መሪጌታ እንደ ሕፃን ይስቃሉ፤ እኔ ከሳቄ የተነሳ መተንፈስ አቃተኝ። አንድ ጫማዬ ወልቆ ሄደ፤ ዞሬም አላየሁት።

መታጠፊያው መጣ። ይርሳው ከግንዱ ጋር የታሰረውን ገመድ ጫፍ ዳር ለቆመው ሰው ወረወረ። ሰውየው ሳተው። ሳቃችን ቆመ። ውሃው እዚያ ላይ ይፈጥናል፤ ድልድዩ ከፊታችን እየሰፋ መጣ፤ ላዩ ላይ የቆሙ ሴቶች እየጮሁ ሸሹ። መሪጌታ ክንዴን ጨብጠው «አይዞሽ ልጄ» አሉ።

ይርሳው የገመዱን ጫፍ መልሶ ስቦ በጥርሱ ነክሶ ዘለለ። ጭንቅላቱ አንዴ ጠፋ፣ አንዴ ታየ፤ ከዚያ ዳር ወጥቶ ገመዱን ሾላው ላይ ጠመጠመው። ግንዱ ተንገጫግጮ ዞረና ቆመ። እጄን ብዘረጋ ድልድዩን እነካው ነበር።

ይርሳው ውሃ እየተንጠባጠበበት መጥቶ መሪጌታ ፊት አንገቱን ደፋ። ነገሩ የተበላሸ መስሎታል፤ እኔም መስሎኛል።

«ድልድዩን ነካ?» አሉ መሪጌታ።

«አልነካም፣ የኔታ።»

«አንድ ገመድ አይበቃም፤ ሁለት ይሁን። ዳርም ሁለት ሰው ይቁም። በገበያና በበዓል ቀን አይውረድ። ይህን ጨምሪበት፣ እፈርማለሁ» አሉና ጋቢያቸውን ጨምቀው ይርሳውን ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ዋናህ ጥሩ ነው» አሉት።

ማምሻውን፣ ሞጣ

በአንድ ጫማ ሞጣ ገባሁ። ቀይ ኮንጎ ጫማ ገዛሁና ከመስጊዱ እስከ ማደሪያችን ብቻዬን እየሳቅሁ ሄድኩ።

ዓርብ፣ ስንመለስ

ከዳገቱ ላይ ጋሽ ዓለሙ ሳልጠይቃቸው መኪናውን አቆሙ። ከታች ግንድ በሁለት ገመድ ተይዞ ዳር ይወጣል። የላይኞቹም የታችኞቹም አንዱን ግንድ ከፊትና ከኋላ ተሸክመው ድልድዩን ያልፋሉ። ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ ሰዎች ወጥተው የመጀመሪያውን የጣሪያ ወራጅ ሲቀበሉ አየን። እንጨቱ ቦታውን እስኪይዝ ሞተሩን አጥፍተን ቆምን። ከታች እልልታው ሲነሳ ጋሽ ዓለሙ ክላክሱን አስረዝመው ነፉት።