አባባ የሰፋው ጨርቅ

ወንድሜ ኤሊ ደውሎ «እታለም፣ ያ ብረት እማዬ ቤት አለ አይደል?» ሲለኝ፣ የምሠራበት መድኃኒት ቤት ወረፋው እስከ በሩ ደርሶ ነበር። የትኛው ብረት ብዬ አልጠየቅሁትም። በእኛ ቤት ብረት ከተባለ አንድ ነው።

ኤሊ የፊልም ተማሪ ነው። የመመረቂያ ሥራው አስፈሪ ፊልም ሆነ፦ በልጅነቷ ሌሊት ሌሊት ትጮህ የነበረች ሴት፣ ሠላሳ ዓመት ሞልቷት፣ ሥራ ይዛ፣ ትዳር ይዛ፣ ያ የድሮው ጩኸት ተመልሶ ይመጣባታል። «ማን መሆኗን አላወቅሽም? አንቺ ነሽ! በሕፃንነቴ ከእንቅልፌ እያባነንሽ ያስለቀስሽኝን ካሳ ልቀበልሽ ነው» አለኝና ሳቀ። ከዚያ ብረቱን ከተሰፋበት ጨርቅ ጋር እንደሚቀርጸው፣ በመጨረሻም ካሜራ ፊት ጨርቁ እንደሚፈታ ነገረኝ። «አይፈታም! አባባ አይፈታ ብሏል» አልኩት። «እንዴ ዛሃቫ፣ ለዚህ አይደል እንዴ ፊልም የሚሆነው!» አለኝ፤ ዛሃቫ በዕብራይስጥ ወርቄ ማለት ነው፣ የቤት ስሜ።

እሺ አልኩት። እምቢ ብል ለምን ይለኛላ። ጨርቁ ውስጥ ያለው የአያታችን የአባባ ማረሻ አለመሆኑን በዚህ ዓለም ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ።

ልጅ እያለሁ ሌሊት እጮህ ነበር። ለቅሶ እንዳይመስላችሁ፤ ጩኸት ነው። ዐይኔን አፍጥጬ አልጋዬ ላይ እቆምና፣ እናቴን እንኳ ሳላውቃት፣ ሕንጻው እስኪንቀጠቀጥ እጮሃለሁ። ጠዋት ምንም አላስታውስም። ከበላያችን የምትኖር ሞሮኳዊት አንድ ቀን ሰው እየታረደ መስሏት ፖሊስ ጠራችብን። አባቴ በውስጥ ሱሪው በሩ ላይ ቆሞ፣ ባለችው አንዲት የዕብራይስጥ ቃል «ሐሎም! ሐሎም!» ሕልም ነው፣ ሕልም ነው እያለ ሲከራከር እናቴ ዛሬም እያስመሰለች ታሳየናለች። ሐኪሙ «ስታድግ ይተዋታል» ብሎ ሸኘን።

አባባ፣ የእናቴ አባት፣ ሐኪም አላስፈለገውም። «ዱካክ ነው» አለ። ዱካክን የማታውቁ ካላችሁ እሰየው፤ ተኝታችሁ ሳለ ደረታችሁ ላይ ወጥቶ የሚጫን፣ ትንፋሽ የሚያሳጣ ክፉ ነገር ነው። «ዱካክ ደግሞ ብረት ይፈራል» አለና ከአልጋው ሥር ማረሻውን ጎትቶ አወጣ።

አባባ ጎንደር ሳለ ቀጥቃጭ ነበር። «ሲጠግቡ ቡዳ ይሉኛል፣ ማረሻቸው ሲዶለዱም አባቴ ፈንታ ይሉኛል» እያለ ይስቅ ነበር። ከአገር ስንወጣ ሰው ሁሉ የለበሰውን ብቻ ይዞ ሲነሣ፣ እሱ በመጨረሻ የሠራውን ማረሻ ከጋቢው ሥር ሆዱ ላይ በመቀነት ታጥቆ መጣ። አውሮፕላኑ ውስጥ ጎንበስ ማለት አቅቶት እስኪወርድ ድረስ እንደ ሹም ቀጥ ብሎ ነው የተቀመጠው ይባላል። ለምን ይህን ሲሉት «መሬት ሲሰጡን ላርስበት» አለ። ናታንያ የሰጡን መሬት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆነ። ከዚያ ወዲያ አባባ ከሕንጻው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ይቀመጥና ሥራ የፈቱ እጆቹን ያገላብጥ ነበር። አንድም ቀን መዶሻ ይዞ አላየሁትም።

ማረሻው በነጠላ ቅዳጅ ተጠቅልሎ ትራሴ ሥር ገባ። አንገቴን ቢያሳምመኝም ጩኸቱ ቀነሰልኝ። ማታ ማታ አባባ አልጋዬ ጫፍ ይቀመጥና፣ እጁን ትራሴ ሥር ሰዶ ብረቱ መኖሩን አረጋግጦ ይሄዳል። እጁ የትምባሆና የሳሙና ሽታ ነበረው።

አምስተኛ ክፍል ስደርስ የዓመቱ የክፍል ጉዞ መጣ። ቲዩል! እናንተም ታስታውሱታላችሁ፤ ገና ወር ሲቀረው ከማን አጠገብ እንደምንቀመጥ ስንጣላ፣ ማን ምን ዓይነት ኮዳ እንደሚይዝ ስናወራ። ሁለት ቀን፣ አንድ አዳር፣ ገሊላ። እኔ እንቅልፍ አጣሁ፤ እናቴ ግን አይሆንም አለች። «በሰው ልጆች መሃል ብትጮህስ? የትምህርት ቤት መሳቂያ ልትሆን ነው?» እሷ ያለችው እውነት ነበር፤ በክፍሉ ውስጥ ሌሊቴን የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም፣ ቢያውቁ ደግሞ አለቀልኝ። ቢሆንም ሦስት ቀን አለቀስኩ፤ እንጀራም አልነካሁም። በሦስተኛው ቀን አባባ «ብረቱን ይዛ ትሂድ» ሲል እናቴ አፏን ያዘች። እኔ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ።

አስተማሪያችን ቦርሳዬን ወደ አውቶቡሱ ልታወጣልኝ ስታነሣው ክንዷ ተጎተተ። «ዛሃቫ፣ ድንጋይ ነው የያዝሽው?» ልጆቹ ሳቁ። «የአያቴ ነው» አልኩ። ምን ልበል ታዲያ? መንገዱን ሙሉ ግን እየዘፈንኩ ሄድኩ፤ ድምፄ እስኪዘጋ።

ስድስት ልጆች በአንድ ክፍል ተመደብን። አንዷ ሺራ ነበረች። ሺራ የክፍሉ ንግሥት ነበረች፤ ጫማዋን ያየ ሁሉ እናቱን እንደዚያ ያለ ጫማ ይጠይቃል። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ተኛና እኔ ላለመተኛት ከዐይኔ ጋር ስታገል፣ ከጎኔ ካለው አልጋ የታፈነ ለቅሶ ሰማሁ። ሺራ ናት። እናቷን ፈለገች፣ ጨለማውን ፈራች። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ! ከዚያ ግን አንጀቴ አልቻለም። ጨርቁ የቤታችን ሽታ ስላለው አፈርኩበትና፣ ማረሻውን ፈትቼ ብረቱን ብቻ ትራሷ ሥር ከተትኩላት። «የአያቴ ነው። ይህን የያዘ ሰው አይፈራም» አልኳት። ምንድን ነው እንኳ አላለችም። እጇን አስገብታ ያዘችውና ተኛች።

እኔ ባዶውን ጨርቅ ጉንጬ ሥር አድርጌ፣ አንሶላውን በጥርሴ ነክሼ ቀረሁ። ዐይኔን ስገልጥ ግን ፀሐይ ወጥታለች። አልጮህኩም! ያለ ብረት አድሬ፣ አልጮህኩም! ያን ጠዋት የቆምኩበትን አላውቀውም፤ ዘለልኩ፣ ሮጥኩ፣ ሺራን ክንዷን ይዤ ከአውቶቡሱ የኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ለአንድ ሰዓት ያህል ከተጓዝን በኋላ፣ አንዱ ልጅ ስለ አያቱ ሲያወራ፣ ትዝ አለኝ። ማረሻው ሺራ በተኛችበት ትራስ ሥር ቀርቷል።

አውቶቡሱ ይመለስልኝ ልበል? ምን ረሳሽ ቢሉኝ ምን እላለሁ? ማረሻ ታቅፌ እንደምተኛ ለክፍሉ ሁሉ ልንገር? ቦርሳዬን አቅፌ ተቀመጥኩ። ወደ ከተማችን ተቃርበን ቴል ሞንድ ስንደርስ የብርቱካኑ አበባ ሽታ በመስኮት ገባ፤ ያ ሽታ እስካሁን የሌባነት ሽታ ይመስለኛል። ከአገሩ ሁሉ አንድ ዕቃ ይዞ የወጣ ሰው፣ ያችን አንዲቷን እኔ ጣልኩበት።

አውቶቡሱ ትምህርት ቤት አወረደን። ወደ ቤት በሚወስደኝ መንገድ ላይ አንድ ሙሳኽ፣ የመኪና መጠገኛ ጋራዥ ነበር። ከጀርባው ከተጣለው ኮተት ውስጥ ጠፍጣፋ፣ ጎበጥ ያለ፣ ቅባት የጠጣ ብረት አገኘሁ፤ መሃሉ ላይ ክብ ቀዳዳ ነበረው። በአንድ እጄ ሲከብደኝ ጣቴን በቀዳዳው አስገብቼ ተሸከምኩት። ደረጃው ላይ በጨርቁ ጠቅልዬ፣ ማንም ሳያየኝ ትራሴ ሥር ከተትኩት።

የዚያን ማታ አባባ እንደ ልማዱ መጣ። እጁን ትራሴ ሥር ሰደደ። እጁ እዚያው ቆየ። «ጮህሽ?» አለኝ። «አልጮህኩም፣ አባባ! አንዴም!» አልኩት። እጁን አወጣና ግንባሬን ዳሰሰኝ። «ጎበዝ። ብረት ብረት ነው» ብሎ ሄደ።

የሚቀጥለው ሳምንት ትዝ የሚለኝ በሌላ ነገር ነው። አባባ ጠዋት ጠዋት ይወጣ ጀመር። ከትምህርት ቤት ስመለስ እጅጌው ተቃጥሎ፣ ከሰል ከሰል እየሸተተ፣ እያንጎራጎረ ይጠብቀኛል። ሥራ አገኘ መሰለኝ። እኔ ጥቅሉን መንካት ስለምፈራ ትራሴን እንኳ አላነሣም ነበር። በአራተኛው ቀን ማታ መርፌና ወፍራም ክር ይዞ መጣና፣ ጥቅሉን እፊቴ ዙሪያውን ሰፋው። «ከእንግዲህ ማንም እንዳይፈታው» አለ። ልስመው ምንም አልቀረኝም! ውሸቴን በገዛ እጁ ሰፍቶ አሸገልኝ ብዬ ነዋ።

ከዚያ በኋላ ጮኼ አላውቅም። ሐኪሙ በዕድሜዋ ነው ይላል፤ እናቴ በብረቱ ነው ትላለች። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ተኝቼ ስጮህ ምስጢሩ እንዳያመልጠኝ ፈርቼ ነው የተውኩት። ነገ እነግረዋለሁ፣ ትምህርት ስጨርስ እነግረዋለሁ፣ ሳገባ እነግረዋለሁ ስል፣ አባባ ሠርጌን ሳያይ አለፈ።

እንግዲህ በዚህ ልብ ነው ከምኖርበት ከኪርያት ሀሻሮን ተነሥቼ እናቴ ቤት የደረስኩት። አድባር ትለመነኝ! ያ የድሮ መኝታ ቤታችን ፊልም ቤት ሆኗል። በጠራራ ፀሐይ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነውታል፤ አምስት ተማሪዎች በሽቦ ላይ ይዘላሉ፤ አንዱ በረጅም ዱላ ማይክሮፎን አንጠልጥሏል። የእኔን ቦታ የያዘችው ቆንጆ ልጅ ጩኸት አልሆነላትም፤ በረሮ ያየች ነው የምትመስለው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ከሆድሽ ልጄ፣ ከሆድሽ!» ትላታለች። ኤሊ ላብ በላብ ሆኖ «እታለም፣ የፊልሙ ነፍስ ጩኸቱ ነው፣ ይህ ካልተሳካ ወደቅኩ» አለኝ።

ጥቅሉ ትራሱ ላይ ተቀምጧል፤ የአባባ ስፌት እንዳለ ነው። ልጅቷ መቀስ አነሣች። «ኤሊ፣ ሬጋ፣ ቆይ አንድ ጊዜ፣ የምነግርህ አለ» አልኩ። «በኋላ!» አለ፤ ካሜራው ተነሣ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይህ ነው። ክሩ ተቆረጠ። ጨርቁ ተገለጠ።

ማረሻ ነበር።

ጫፉ የሾለ፣ ጎኑ የመዶሻ ምት ያለበት፣ የጎንደር ማረሻ። ዐይኔን አላመንኩም፤ ካሜራውም ብርሃኑም ጠፋኝና ሄጄ አነሣሁት። መሃሉ ላይ ክብ ቀዳዳ አለ። ጣቴን አስገባሁበት። ገባ። እኔ ያመጣሁት ብረት ነው፤ ያ ኮተት ነው! ከሆዴ ምን እንደወጣ አላውቅም፤ የማይክሮፎኑ ልጅ ማዳመጫውን ከጆሮው አሽቀንጥሮ ጣለ፣ ታች ያለ ውሻ መጮኽ ጀመረ።

«ምን ሆንሽ ልጄ፣ ወርቄ!» እናቴ እየሮጠች መጣች። አለቀስኩ፣ ሳቅሁ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት፦ ሺራን፣ ትራሱን፣ ሙሳኹን። እናቴ ብረቱን ተቀብላ አገላበጠችው። «ይሄማ አባዬ ያን ሰሞን እዚያ ሙሳኽ የሠራው ነው። ጆርጂያዊው የጋራዡ ባለቤት እሳትና መዶሻ ሰጥቶት፣ ሦስት ቀን ሲቀጠቅጥ ሰነበተ። ምን አገኘህ ብለው፣ ‹ወርቄ ብረት አመጣችልኝ፣ የመኪና ባሌስትራ፣ ከአገር ቤቱ የሚበልጥ› አለኝ። እንዴት ያለ ደስታ ነበር! እኔኮ ስጦታ ያመጣሽለት መስሎኝ ነው።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔው ሃያ ዓመት ፈጀበት። አባባ በዚህ አገር መዶሻ የጨበጠው እነዚያን ሦስት ቀኖች ብቻ ነው። የሰጠሁትም እኔ ነኝ፣ በውሸቴ።

ፊልሙ በሰፈሩ ማትናስ፣ በሕዝብ አዳራሹ ውስጥ ታየ። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ኤሊ ጩኸቴን አልቆረጠውም፤ በልጅቷ አፍ አድርጎታል። እዚያ ቦታ ሲደርስ ሰው ሁሉ ከወንበሩ ተነሣ፤ አንድ ሽማግሌ «ወይ ፈጣሪዬ!» ብለው ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ሳቡ። እናቴና እኔ ብቻ እጅ ለእጅ ተያይዘን በሳቅ ፈረስን። ሲያስፈራቸው የነበረው የደስታ ጩኸት መሆኑን የምናውቀው እኛ ነን።

ያኔ አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሆነን እንተኛ ነበር፤ ስጮህ ከመተላለፊያው የአባባ እግር ይሰማኛል። ዛሬ ልጄ የራሷ ክፍል፣ የራሷ መብራት አላት፤ ጮኻም አታውቅ። ማረሻው እኔ ዘንድ ነው፤ አሁን አይጠቀለልም። ባለፈው ልጄ ከመደርደሪያው ላይ አየችውና «እማ፣ ይህ ቀዳዳ ለምንድን ነው?» አለችኝ።

«ጣትሽን አስገቢበት» አልኳት።