ለአጭር አውራ ጣት

ነፊዋ አሥራ አንድ ዓመት ትንሹን ትሮምቦን ስትነፋ ኖራ፣ በባንዱ የትልቁ፣ የቤዝ ትሮምቦን ቦታ ሲለቀቅ ያገለገለ ቤዝ ትሮምቦን ገዛች። ችግሩ፣ በአውራ ጣት ተጭነው ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጡበት የቫልቩ መጫኛ ለረጅም እጅ የተሠራ ነው። አጭር አውራ ጣቷ እስከ ጥግ ስለማይጫነው ወፍራሙ ድምፅ ይታፈናል። የባንዱ አለቃ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይፈትኗታል፤ ከወደቀች ቦታው የሌላ ሰው ነው።

ሰፈሩ «ጋሽ ቀስ» የሚላቸው ሽማግሌ የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ እጇን በማስመሪያ ለኩ። ቫልቩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው መጫኛው ላይ የናስ ቁራጭ በቀለጠ ሊድ በየዱ።

«ጋሼ፣ ቫልቩ ቢግልስ?»

«ከጋለማ ጉዳችን ፈላ። ይልቅ ጨርቁን አርጥቢ።»

ነፋችው። ድምፁ አሁንም ታፈነ። ስምንት ሰዓት አልፏል።

ጋሽ ቀስ ላባቸውን ጠረጉ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ባዶ እጅሽን ለካሁ። መሣሪያው ሲከብድሽ መዳፍሽ ወደ ኋላ ይሸሻል። በይ ንፊ፣ እየነፋሽ ልለካ።»

ትንፋሿ እስኪያልቅ ነፋች። እሳቸው አጎንብሰው ጣቷ የደረሰበትን በእርሳስ ምልክት አደረጉ፤ ቁራጩን አላቀው ወደ ጣቷ አስጠግተው በየዱት።

«ጋሼ፣ ሃያ ደቂቃ ነው የቀረኝ።»

«ሳይበርድ ከነካሽው ይነቀላል። እጅሽን ሰብስቢ።»

ለመሞከር ጊዜ አልነበረም። መሣሪያውን አቅፋ ሮጠች።

አለቃው ወፍራሙን ድምፅ ሦስት ጊዜ አስደገሟት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ሰኞ ልምምድ አለ፤ እንዳታረፍጂ» አሏት።