እትዬ ኮማላም ከበር ኋላ የሳሉት

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ሙሽራ ሆኜ እዚህ ቤት ስገባ ቀጥ ያለ መስመር መሳል አልችልም ነበር። ሰፈራችን ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቷ ምሕረት የለውም። ጎህ ሲቀድ ሴቱ ሁሉ ደጃፉን ጠርጎ፣ ውሃ ረጭቶ፣ በሩዝ ዱቄት ኮላም የሚባለውን የደጃፍ ስዕል ይስላል። በተለይ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ መከር በዓላችን፣ እስከ ፖንጋል፣ ባለው አንድ ወር ደጃፏ ያላማረ ሴት ወይ ታማለች፣ ወይ ሰንፋለች ይባላል። በመጀመሪያው ጧት ዱቄቱን በጣቶቼ መሃል እያፈሰስኩ የሆነ ነገር ሳልኩ። የፊት ለፊቷ ጎረቤት ፓንካጃም መጥረጊያዋን ተደግፋ አየችና፣ “ሙሽሪት፣ ይሄ ስዕል ነው ወይስ ዶሮ ጭራው ነው?” አለችኝ። ሰፈሩ ሳቀ። እኔ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

“ተይ አታልቅሺ፣ ዱቄቱን ታረጥቢዋለሽ” የሚል ድምፅ ከበሩ ኋላ መጣ። “ጥረጊውና እንደገና ጀምሪ። ሰባት ነጥብ በአንድ ረድፍ ጣይ። ጣትሽን አታስጨንቂያት፣ ዱቄቱ መውረድ ያውቅበታል።”

እትዬ ኮማላም ነበሩ፣ የባሌ አክስት፣ የባሌ አባት ታላቅ እህት። በአሥራ አራት ዓመታቸው ተዳሩ፤ በሃያ ሁለት ዓመታቸው ባላቸው በተስቦ ሞተባቸው፤ የመበለት ነጭ ለብሰው ወደ ወንድማቸው ቤት ተመለሱ። ከዚያ በፊት የሳሉትን ለማየት ከወንዙ ማዶ ሰው ይመጣ ነበር አሉ። ባል የሞተባት ሴት እጅ ግን የበዓል ደጃፍ አይነካም። ማለዳ ከቤት የሚወጣ ሰውም ፊት ለፊት ካገኛት ቀኑ አይቀናውም ይባላል። ማንም ቆሞ አልከለከላቸውም። ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ማን ይከለክላል? ስለዚህ ማለዳ ማለዳ ከበሩ ኋላ፣ ግድግዳው ጥግ ይቀመጣሉ። በማጠፊያው በኩል ባለችው ስንጥቅ ደጁን ያያሉ። እኔ ስደርስ እንዲህ መቀመጥ ከጀመሩ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ከዚያ ጧት ጀምሮ እሳቸው አፍ፣ እኔ እጅ ሆንን። አጠገባቸው ውሃ በጎድጓዳ ሳህን ያስቀምጣሉ። ጣታቸውን እየነከሩ ስዕሉን ከውስጥ ወለሉ ላይ ይስሉታል፤ እየሳሉ ይነግሩኛል፤ እኔ ውጭ በዱቄት እከተላለሁ። “ከሦስተኛው ነጥብ በታች ዙሪ። አሁን ወደ ግራ። እቀፊው እንጂ፣ ምን ትሸሺዋለሽ?” ደግሞ ሲቆጡ፣ “ምነው ጣትሽ፣ ከጠጅ ቤት እንደሚመጣ ባል መንገድ ጠፋው?” ይላሉ። እኔ ስስቅ መስመሬ ይጣመማል፣ መልሰው ይቆጡኛል። መስመሩ ሳይቆረጥ ነጥቡን ሁሉ ዞሮ ከተነሳበት ካልገጠመ ኮላም አይባልም። የኔ ስዕል ጉንዳን እስኪበላውና እግር እስኪረግጠው ይቆያል። የእሳቸው ፀሐይ ሳትወጣ ይደርቃል።

ስንጨርስ ሁሌ አንድ ጥያቄ ነበራቸው። “ማን ቆመ?”

“የወተት ሻጩ ቆሟል፣ እትዬ።”

“ምን አለ?”

“‘አቤት! እንዴት ያምራል’ አለ።”

“ብስክሌቱን አቁሞ ነው ወይስ እየሄደ?”

“አቁሞ።”

ይሄን ሲሰሙ ያልበሉት ቁርስ ያጠግባቸዋል። ቀኑን ሙሉ ምስር ሲለቅሙም፣ ጸሎት ሲያደርሱም ፊታቸው ያበራል። እኔ አንዳንዴ ማንም ሳይቆም ቆመ እላቸው ነበር። ያ ውሸቴ እንኳ አይቆጨኝም።

በዚህ ዓይነት ሦስት ዓመት ሆነ። ሰፈሩ ስሜን ይጠራ ጀመር። ያቺ ፓንካጃም ሳትቀር፣ “እስቲ ያንን አሥራ አንድ ነጥቡን አሳይኝ” እያለች ትመጣለች። አንድ ቀን እትዬ ኮማላም ጠጉሬን እየጎነጎኑልኝ፣ እንደ ቀልድ አድርገው፣ “አንድ ነገር ብለምንሽ እሺ ትያለሽ?” አሉኝ።

“ምን ገዶኝ!”

“ሰው ‘የማን ነው’ ብሎ ሲጠይቅሽ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ‘የእትዬ ኮማላም ነው’ በይልኝ። የተከለከልኩት መንካት ነው እንጂ መጠራት አይደለም።”

“እላለሁ” አልኩ። ከልቤ ነበር ያልኩት።

በዚያው ዓመት የቤተ መቅደሱ ኮሚቴ ለፖንጋል ደጃፉ ላማረ ቤት የነሐስ መብራት እሸልማለሁ አለ። እትዬ ኮማላም እንቅልፍ አጡ። “ሃያ አንዱን እናወጣዋለን” አሉ። ሃያ አንድ ነጥብ፣ አንድ መስመር፣ የትም ሳይቆረጥ። እናታቸው ያስተማሯቸው ነው። እሳቸው መበለት ከሆኑ ወዲህ ማንም አልሳለውም። “ብሞት ከሬሳዬ ጋር አብሮ ይቃጠላል” አሉኝ። ወር ሙሉ ቁራጭ ቁራጩን አስጠኑኝ።

የበዓሉ ለት የማንጎ ቅጠል ከበሩ በላይ አሰርኩ፤ ሸንኮራ አገዳውን ግራና ቀኝ አቆምኩ። ከዚያ ነጥቤን ጣልኩና ጀመርኩ። እሳቸው ከውስጥ ይላሉ፣ እኔ እዞራለሁ። ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ። መስመሩ መጥቶ መጥቶ ከተነሳበት ሲገጥም፣ ከበሩ ኋላ ትንሽ የእጅ ጭብጨባ ሰማሁ። መሃሉ ላይ እንደ በዓሉ ልማድ የእበት ድቡልቡል አድርጌ የዱባ አበባ ሰካሁበት። መንገዱ በሰው ተሞላ።

የኮሚቴው ትልቅ ሴት፣ እማማ ሎቻና፣ ቀስ ብለው ዞሩት። ጫማቸውን አውልቀው ነበር የሚዞሩት። ከዚያ ቀና ብለው፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ “ልጄ፣ ይሄ የማን ሥራ ነው?” አሉኝ።

በሩ ከጀርባዬ ነው። ስንጥቋ ውስጥ ያለችው ዓይን ማጅራቴን ስታየኝ ይሰማኛል።

ለራሴ የማወራውን ልንገራችሁ። ሦስት ዓመት አልወለድኩም ነበር፤ “የመበለት እጅ ያለበት ደጃፍ፣ ታዲያ እንዴት ትውለድ!” ይሉኛል ብዬ ፈራሁ እላለሁ። አዎ፣ ፈርቻለሁ። እውነቱ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ሰው ሁሉ ሲያየኝ ጣመኝ። ዶሮ ጭራው ያለችኝ ፓንካጃም አፏን ከፍታ ስታየኝ ጣመኝ።

“የኔ ነው” አልኩ። “ከራሴ ነው ያወጣሁት።”

እማማ ሎቻና በሩን አይተው ወደ እኔ ዞሩ። “ከራስሽ?” አሉ። “ከራሴ” አልኩ፣ ደግሜ። ምነው ምላሴ ቁርጥ ባለ! መብራቱን ሰጡኝና ሄዱ።

ስገባ እትዬ ኮማላም ወጥ ቤት ነበሩ። የፖንጋሉን ጣፋጭ ሩዝ በቅጠል ላይ አወጡልኝ። “እሰይ፣ አሸነፍሽ” አሉ። ማን ቆመ ብለው አልጠየቁኝም።

በማግስቱ ጠርጌ፣ ውሃ ረጭቼ፣ ዱቄቴን ይዤ ተቀመጥኩ። “እትዬ፣ ዛሬ ስንት ነጥብ?”

ወደ ስንጥቋ ዞርኩ።

“እትዬ?”

“ከራስሽ አውጪው እንጂ፣ ልጄ” አሉኝ። ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢኖርበት ኖሮ እግራቸው ላይ ወድቄ እገላገል ነበር። አራት ነጥብ ጥዬ ትንሽዬ ነገር ሳልኩና ገባሁ። የበሩን ኋላ አየሁት። ወለሉ ደረቅ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልነገሩኝም። በሳምንቱ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። “ይቅር ብዬሻለሁ፤ ምን ሆነሽ ነው?” አሉና አገጬን ያዙኝ። “ታዲያ ይንገሩኝ” ስላቸው፣ “ጠፋብኝ። እርጅና ነው” አሉ። ውሸታቸውን ነው። ወይም እውነታቸውን ነው፤ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለት ዓመት ከበሩ ኋላ መቀመጣቸውን አልተዉም፣ ሳህኑ ግን ወጥ ቤት ተሰቅሎ ቀረ። እኔም ጧት ጧት በዚያ ደረቅ ወለል ላይ ተራምጄ እወጣለሁ።

በሦስተኛው ዓመት ታኅሣሥ ሲጋመስ አረፉ። ሞት የገባበት ቤት ዓመት ሙሉ ደጃፉ ባዶ ነው፤ ነጥብ አይጣልበትም። ያ ወር ሰፈሩ ዳር እስከ ዳር በዱቄት ነጣ። የኛ ደጅ ብቻ ጥርስ የወለቀበት አፍ መሰለ። የፖንጋል ዕለት ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ፓንካጃም መንገዱን ተሻግራ መጣችና አጠገቤ ቁጭ አለች።

“ደጃችሁን እንዲህ ሳየው ሆዴ ባባ” አለችኝ።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። “የኔ አልነበረም” አልኳት። “አንዱም የኔ አልነበረም። ሁሉም የእትዬ ኮማላም ነበር። ሃያ አንዱም የእሳቸው ነው። ከበሩ ኋላ ሆነው እየነገሩኝ ነው።”

ፓንካጃም አልደነገጠችም። ዱቄት የነካውን እጇን ጉልበቷ ላይ ጠረገች።

“እናውቃለን እኮ” አለች።

“ምኑን?”

“አንቺ ደግሞ! ይሄ መንገድ ስንት ክንድ ነው? ጎህ ሲቀድ፣ ውሻ እንኳ በማይጮህበት ሰዓት ‘ወደ ግራ፣ እቀፊው፣ ምን ትሸሺዋለሽ’ ሲሉ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማ ነበር። ስለ ሰካራሙ ባል ሲሉማ እኔ ከዚያ ማዶ እስቅ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ፤ እንደምናውቅ ያልሰማሽው አንቺ ብቻ ነሽ።”

“እማማ ሎቻናም?”

“ታዲያ ለምን የጠየቁሽ መሰለሽ? እሳቸው የእትዬ ኮማላም የልጅነት ባልንጀራ ናቸው። ሃያ አንዱን ገና ሲያዩት አወቁት። አንቺ ስማቸውን እንድትጠሪ ነበር። መብራቱን ራሳቸው ገብተው ከበሩ ኋላ ሊሰጧቸው ነበር የመጡት።”

ተነሳሁ። 

ገብቼ ሳህኑን ከተሰቀለበት አወረድኩ፣ ውሃ ሞላሁት። እሳቸው ቦታ ተቀመጥኩ። በስንጥቋ መንገዱ ሁሉ ይታያል፤ የፓንካጃም ደጅ ሳይቀር፣ አበባው ሳይቀር። ጣቴን ነከርኩና ሃያ አንዱን ነጥብ ወለሉ ላይ ጣልኩ። መስመሩን ጀመርኩ። እስከ ሰባተኛው መታጠፊያ ሄድኩ። ከዚያ ግራ ይሁን ቀኝ ጠፋኝ። “እትዬ፣ ወዴት ነው?” አልኩ፣ ጮክ ብዬ። እያየሁት ከመነሻው መድረቅ ጀመረ።