አፉን ከፍቶ የቀረው ረዳት

የቀጨኔዋ ኢየሩ ቁጭ ብላ መቆዘም አታውቅበትም። ከእናቷ ከወይዘሮ ሙሉእመቤት ጋር ሸክላ ትሠራለች፤ ድስቱን፣ ገንቦውን፣ የአበባ ማስቀመጫውን። ሥራ ሲቀልላት ደግሞ ከዚያው ጭቃ ሰው ሠርታ ታንቀሳቅሳለች። እንዴት ቢሉ፣ ስልኳን በርጩማ ላይ ታስራለች፤ የጭቃውን ሰው እጅ ትንሽ ፈቀቅ ታደርግና ፎቶ ታነሳለች፤ ደግሞ ፈቀቅ፣ ደግሞ ፎቶ። ፎቶዎቹ ተከታትለው ሲሮጡ ጭቃው ነፍስ ይዘራል። ጎረቤት «አበደች» አለ። ይበላ! ኢየሩ ሰው ምን ይለኛል የምትል አይደለችም።

ዘንድሮ የያዘችው ፊልም አስቂኝ ነው። ባለታሪኩ የሸጎሌ ታክሲ ረዳት ነው፤ «ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ!» እያለ ሰውን እንደ ማገዶ ሲደረድር ይውላል፤ መልስ ሲጠይቁት ጆሮ ዳባ ልበስ። ጳውሎስ አካባቢ ያለ አንድ የወጣቶች ማዕከል እሑድ ከሰዓት የሠፈር ሰው የሠራውን ፊልም ሊያሳይ ነውና የእሷንም ተቀብሎላታል። በሰው ፊት፣ በትልቅ ግድግዳ ላይ ሥራዋ ሲታይ የመጀመሪያዋ ነው። ይህ ቀን ካመለጣት ቆሽቷ ያርራል።

ዓርብ ዕለት ፊልሙ ተጋምሷል። ረዳቱን አፉን በሰፊው አስከፍታ፣ እጁን አስዘርግታ፣ እንዳይደርቅ እርጥብ ጨርቅ ደረበችበትና ለአንድ ምግብ ቤት ድስት ልታደርስ ወጣች። ጨርቁን ነፋስ ገፈፈው።

ወይዘሮ ሙሉእመቤት ከድስቶቹ አጠገብ አንድ የጭቃ ሰውዬ ፀሐይ ላይ ቆሞ አገኙ። ሸክላ ሠሪ የደረቀ ጭቃ ሲያይ የሚታየው እሳት ነው። «ረስታው ነው፤ እንዳይሰነጠቅባት» ብለው ከድስቱ ጋር እሳት ውስጥ ከተቱት። በፍቅር እኮ ነው!

ኢየሩ ስትመለስ ረዳቱ ቀልቶ፣ ጠንክሮ፣ አፉን እንደከፈተ ጠበቃት። ላንቀሳቅስህ ብትለው ወይ ፍንክች። ሌላ እንዳትሠራ፣ ያ ፊት ሁለተኛ አይገኝም፤ እሑድም ደርሷል። እናትየው ነገሩ ሲገባቸው ደረታቸውን መቱ።

«ምነው እጄን በቆረጠው! አበላሸሁብሽ አይደል?»

ኢየሩ «ኤጭ!» ብላ በርጩማውን በእግሯ ገፋችው። ከዚያ ረዳቱን አንስታ አገላብጣ አየችው፤ አየችውና ሳቋ መጣ።

«ተይው እማዬ። ይሄ ሰውዬ ሥራውን ገና አሁን ጀመረ።»

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ግድግዳው ላይ ረዳቱ «ጠጋ በሉ!» እያለ ሲያዋክብ ድንገት ቀልቶ፣ ደርቆ ቀረ። ተሳፋሪዎቹ ተያዩ። አንዷ ሴትዮ ሒሳቧን አፉ ውስጥ ጣል አደረገች፤ ሌላውም ተከተላት። መልሱ ያልተሰጠው ሽማግሌ ረዳቱን አንስቶ ዘቀዘቀውና ጀርባውን ቸብ ቸብ ሲያደርገው ሳንቲሙ ተንኳኳ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ኢየሩ ኮራች፤ ለምን አትኮራ!

አስተናባሪው ማይክሮፎን ይዞ መጣ። «እንዲህ ያደረቅሽው እንዴት ነው?» አላት።

ኢየሩ ሳትመልስ ወይዘሮ ሙሉእመቤት ከተመልካቹ መሃል ብድግ አሉ። እኚህ ሴት ዕድሜ ልካቸውን ሥራቸውን ሲጠየቁ ወሬ የሚቀይሩ ናቸው፤ ሸክላ ሠሪ የሚሰደበውን ስድብ ሁሉ ጠግበውታልና።

«እሳት ያስገባሁት እኔ ነኝ!» አሉ ጮክ ብለው። «እኔ ሸክላ ሠሪዋ! እናቷ!»

ኢየሩ ማይክሮፎኑን ከሰውዬው እጅ ላጥ አድርጋ ወደ እናቷ ሮጠች።