የልጄን ስም ልጠራ ወደ ጌዶ

ንጋት፣ መርካቶ

አውቶቡሱ ገና ሞተሩን እያሞቀ ነው፤ እኔ ግን ከሞቅኩ ቆይቻለሁ። ሚስቴ ጌዶ እናቷ ቤት ወልዳልኛለች፤ ሴት ልጅ! አማቴ ኦቦ ቶለራ ስም አውጥተው ሰው ልከውብኛል፦ «ባዻኔ ብያታለሁ። አባቷ ስሟን አስተካክሎ ሳይጠራ አያቅፋትም!»

ነገሩ ወዲህ ነው። ይቺ «ዻ» የምትባል የኦሮምኛ ድምፅ አትወጣልኝም። ሚስቴም ስሟ ዸቀቤ ስለሆነ፣ ከሰርጋችን ጀምሮ «ሆዴ» እያልኩ ሸውጃለሁ። አማቴ ይህን አልረሱትም። ቃላቸውንም አያጥፉም፤ ጉዴ ፈላ!

ረፋድ፣ ጊንጪ

ከሆለታ ጀምሮ እያጉረመረምኩ ስለማመድ፣ ጎኔ የተቀመጡት ቅቤ ነጋዴ አዴ ጫልቱ ሰሙኝ። ጉዴን ነገርኳቸው።

«ኧረ ልጄ፣ አንተ የምትለው ተራ "ዳ" ነው! ምላስህን ወደ ላይ ቆልምምና ትንፋሽህን ዋጥ።»

ዋጥኩ። ትን አለኝ። ሾፌሩ በመስታወት እያየኝ «ኦቦ አዲስ አባት፣ ይዋጣል እንጂ አይተፋም!» ሲል አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ። ከዚያማ አስተማሪ ያልሆነ ተሳፋሪ ጠፋ። የኋላው ወንበር «ባዻኔ!» ሲል የፊቱ ይቀበላል። የቀበሌያችን መሠረተ ትምህርት እንኳ እንዲህ ደምቆ አያውቅም።

ቀትር፣ አምቦ

ለምሳ ቆምን፤ ጥብስና ቀዝቃዛ አምቦ ውሃ። «ጎንጨት አድርግና ከውሃው ጋር ሞክራት» አለኝ ሾፌሩ። ሞከርኩ። ጋዙ በአፍንጫዬ ወጣ፤ ስሟ ግን አልወጣም። ጉደርን ስናልፍ አዴ ጫልቱ «ተቃርበሃል» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነው፤ እግዜር ይስጣቸው።

ከሰዓት፣ ጌዶ

ኦቦ ቶለራ ልጄን በጋቢ ጠቅልለው በር ላይ ቆመዋል። ጎረቤቱ ተሰብስቧል። ሚስቴ ከኋላቸው ከንፈሯን ነክሳ ታየኛለች።

«በል ጥራት።»

«ባዳኔ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ደገምኩ፤ ባሰ። ክንዴ እስከዚህ ድረስ መጥቶ ባዶውን ሊመለስ ነው ብዬ ፈራሁ። ይሄኔ ጋቢውን ገለጥ አደረጉልኝ። ልጄ አዛጋች፤ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። እንባዬ መጣ። ሰው ፊት ላለማልቀስ ሳጌን ዋጥ እያደረግኩ ጠራኋት።

«ባዻኔ።»

እልልታው ቀለጠ! ኦቦ ቶለራ ልጄን ደረቴ ላይ አኖሯት። አቤት ስትሞቅ!

ግን ከበሩ ዞር አላሉም። በአገጫቸው ወደ ኋላቸው አመለከቱኝ። ገባኝ። ልጄን እንዳቀፍኩ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ።

«ዸቀቤ» አልኩ።

ሚስቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ወዬ» አለችኝ።