ቀይ እስክሪብቶና ሁለተኛው ዲስክ

ሕንፃው ውስጥ የሚወራው እንዲህ ነው፦ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው አራሚ ወርቋን ሸጣ፣ ዋጋ እንኳ ሳትከራከር፣ የጎረቤቱን ሁሉ ምስጢር የሚሰማ ማሽን ገዝታለች። በግድግዳ በኩል ሲያጓራ የሰሙት አሉ።

ለማመን ይከብዳል። ይህቺ ሴት አንድ ጫማ ሰባት ዓመት ያደረገች፣ ሻጭ ገና ከሩቅ ሲያያት በገዛ እጁ ዋጋ የሚቀንስላት ሴት ናት።

የሆነውስ? አራሚዋ የሰው መጽሐፍ ስታርም ትውልና በትርፍ ጊዜዋ የራሷን መዝገበ ቃላት ታዘጋጃለች፤ የአናጢውን፣ የግንበኛውን፣ የቧንቧ ሠራተኛውን ቃል ሁሉ የለቀመችበት የአሥራ ሁለት ዓመት ልፋት። ያለው ግን አንዲት አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነው። ላፕቶፗ ደግሞ ሰሞኑን ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀምራለች።

«ዲስኩ ሊሞት ነው፣ እታለም» አላት ኮምፒውተር ጠጋኙ ታናሽ ወንድሟ። «እዚሁ ቤትሽ ሰርቨር እንትከል። ሥራሽ እሱ ላይ ይቀመጣል፣ ከፈለግሽው ክፍል ሆነሽ ትከፍቺዋለሽ።»

«ያለኝ አንድ ክፍል ተኩል ነው፣ አንተ!»

የሚገዛውን ዝርዝር ጽፎ ሰጣት። እሷ ደግሞ ቀይ እስክሪብቶ ሳትይዝ ወረቀት አታነብም። የብረት መደርደሪያ፦ ሰረዘች፤ የጫማ መደርደሪያ አለ። የዋይፋይ ማጠናከሪያ፦ ሰረዘች፤ ስምንት ሜትር ገመድ ይበቃል። አዲስ ኮምፒውተር፦ «መሥሪያ ቤትህ የጣለው አለ አይደል?» ባትሪውን ግን አልነካችም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ስንት ገጽ እንደተበላባት ታውቃለች። «አዲስ ዲስክ» ከሚለው ላይ «አዲስ»ን አውጥታ «ያገለገለ» አስገባች። ከሥሩ ያው ዲስክ ተደግሞ ተጽፏል። የተደገመ ነገር አይታ ያለፈችበት ቀን የለም፤ ሰረዘችው።

ቅዳሜ ከሰዓት ማሽኑ ጫማ መደርደሪያው ላይ ጉብ ብሎ መዝገበ ቃላቱን ከላፕቶፗ መቅዳት ጀመረ። ሰባ በመቶ፤ ላፕቶፗ ቀጭ። ሰማንያ፤ ቀጭ ቀጭ። አራሚዋ የወንድሟን ክንድ ቧጥጣ ያዘች። ዘጠና ዘጠኝ ላይ ዓመት የሚያህል ደቂቃ ቆመ። መቶ! ላፕቶፗ አንዴ ቀጭ አለችና እስከ ወዲያኛው ዝም አለች።

«ተረፍን!» አለች አራሚዋ።

ወንድሟ ግን ስክሪኑ ላይ በወጣው ማስጠንቀቂያ ላይ አፍጥጧል። «ያገለገለው ዲስክም ሊሞት ነው። ሁለተኛውን አምጪ፣ ቶሎ ልሰካው።»

«የቱን ሁለተኛ?»

«ሁለት ጽፌልሽ አልነበር እንዴ? አንዱ ሲሞት ሥራሽ በሌላው እንዲተርፍ!»

«እኔ እኮ… ደግመህ የጻፍከው መስሎኝ ሰረዝኩት።»

«አሥራ ሁለት ዓመትሽን ነው በእስክሪብቶ የሰረዝሽው! ሱቁ ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል፤ ሩጪ! እኔ እያራገብኩ ላቆየው።» ያንኑ በቀይ የተዥጎረጎረ ዝርዝር አንስቶ ዲስኩን እንደ ትኩሳት በሽተኛ ያራግበው ጀመር።

ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታውቅም። በአንድ እግሯ ነጠላ ጫማ፣ በሌላው ሽፍን ጫማ አድርጋለች። የተሳፈረችበት አውቶቡስ መንገድ ተዘግቶበት ሲቆም ወርዳ ሮጠች። ሻጩ የሱቁን መዝጊያ እስከ ወገቡ ስቦታል፤ ጎንበስ ብላ ገባች።

«ዲስክ! አዲስ!»

ዋጋውን ነገራት። አፏ እንደ ልማዱ ለክርክር ተከፈተ፤ ስልኳ ጮኸ።

«እታለም፣ ይሄኛውም ቀጭ ማለት ጀመረ!»

አፏን ገጥማ ከፈለች። ሻጩ ገንዘቡ ሐሰተኛ መስሎት ሁለቴ አገላብጦ አየው። ዕቃ ሊገዛ የመጣው የሕንፃው ልብስ ሰፊም ይህን ጉድ በዓይኑ በብረቱ አየ።

አዲሱ ዲስክ እንደተሰካ እንደገና መቅዳት፣ እንደገና ትንፋሽ ይዞ መቁጠር። መቶ ሲል አራሚዋ መዝገበ ቃላቷን ከአዲሱ ዲስክ ከፍታ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አየች። አንድም አልጎደለም። ከዚያ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለች።

በማግሥቱ ልብስ ሰፊው ደረጃ ላይ ጠበቃት። «እትዬ፣ ወርቅዎን ሸጠው፣ ዋጋ ሳይከራከሩ፣ ምስጢራችንን የሚሰማ ማሽን ገዙ ይባላል። እውነት ነው?»

«ወርቅ ኖሮኝ አያውቅም» አለች አራሚዋ። «ማሽኑ ተጥሎ የተነሳ ነው፣ ጆሮም የለው። ዋጋውንም በደንብ አድርጌ አስቀንሻለሁ።»