ቀዩ ክር

አርባ ዓመት ልብስ የሰፉት ጎረቤታችን የተንጠለጠለ አዝራር ያናድዳቸዋል። የስፌት መኪናቸውን ከሸጡ ወዲህማ ብሶባቸው መንገደኛ አስቁመው ይቆጡ ጀመር። «ጋሼ አዝራር» እንላቸዋለን። በጥቁር ልብስ ላይ የሌላ ቀለም ክር ካዩ ደግሞ፣ «ይኼ ስፌት ነው ስድብ?» ይላሉ።

ሟች ባለቤታቸው መርፌዎቹን ክር እያስገባች በመርፌ መሰኪያው ትራስ ላይ በተርታ ትሰካላቸው ነበር፤ ጥቁሩ ሁልጊዜ መጀመሪያ ነው።

ባለፈው እሑድ ልጃቸው ሊጠይቃቸው መጣ። የጥቁር ኮቱ አዝራር ላልቶ ነበር።

«አንተ ዝርክርክ! ወዲህ በል።»

«ተው አባዬ፣ ሚስቴ ትሰፋዋለች።»

«እኔ ሳልሞት?»

ከትራሱ የመጀመሪያውን መርፌ መዘው፣ በጣታቸው እየዳሰሱ ሰፉት። እሷ ያስገባችው ጥቁር ክር ግን ካለቀ ቆይቷል፤ የሰፉት በቀይ ክር ነው። ልጁ ቀዩን ክር አየ። «እጅህ ይባረክ» ብሎ ለበሰው።

በሩ ላይ ግን በግቢያቸው የምትኖረው ተከራይ አየችው። «እንዴ ጋሼ! በጥቁር ኮት ላይ ቀይ ክር?»

«እኔ ነኝ የመረጥኩት» አለ ልጁ ቶሎ ብሎ።

ሽማግሌው የኮቱን ጫፍ ይዘው ወደ ብርሃን አስጠጉት። ትኩር ብለው ቆይተው አዩት።

«አይታየኝም» አሉ በመጨረሻ።

ከዚያ ወዲህ ማንንም አልተቆጡም። ተከራይዋ ጸጸቷ አላስችል ብሏት፣ ትናንት የሹራቧን አዝራር ሆን ብላ አላልታ ፊታቸው ቆመች። ቁጣቸውን ስትጠብቅ፣ እሳቸው ደኅንነቷን ብቻ ጠየቋት።